ሲባጎ ላኩልኝ

ደንበኞቿ ቋጠሮ የሚሏት ልብስ ሰፊ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራችው መንገድ ዳር ነበር። በሯ ከአስፋልቱ ሁለት እርምጃ፣ መስኮቷ ሰፊ፣ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሳይላት አያልፍም፤ ዝም ብሎ ያለፈ ካለ ደግሞ ስሙን ጠርታ «ምነው፣ ዛሬ ምላስህን ቤት ረሳኸው?» ትለዋለች። እንዲህ ስትኖር ባለፈው ዓመት የሕንፃው ባለቤት ምድር ቤቱን በሙሉ ለአንድ ትልቅ ሱቅ አከራየና እሷንና ጎረቤቷን ሰዓት ሰሪውን አራተኛ ፎቅ ላይ ወስዶ ወሸቃቸው፤ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ። ሊፍት የለ፣ ምን የለ።

ደንበኞቿ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው። አንዷ ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀችና «በቃ፣ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ወርዳ ትለካኝ» ብላ አስጠራቻት። ሌላዋ ከታች ሆና አንገቷን ቀና አድርጋ ቀሚሷን በገመድ እንድታወርድላት ጮኸች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አልተመለሱም። ሦስት ወር ሳይሞላ ክፍሉ ጭር አለ።

ሰዓት ሰሪውም ሥራ ሲጠፋ የራሱን ሰዓት ፈትቶ ይገጥማል፣ ይገጥምና ይፈታል። ሲሰለቸው በሯ ላይ ይቆምና ነገር ይፈልጋታል።

«እዚህ ሆነን ከእግዜር በቀር የሚያየን የለም» አላት አንድ ቀን። «እሱ ደግሞ ሰዓትም ቀሚስም አያስፈልገው።»

«አንተን ባያይህ ይሻልሃል» አለችው።

የወንድሟ ልጅ ነገሩን የሰማች ለት ላፕቶፗን በብብቷ ሸጉጣ አራቱን ፎቅ በሩጫ ወጣች። የልጅቷ ሥራ እንደ አክስቷ ላሉ ትንንሽ ቤቶች የኢንተርኔት ገጽ መሥራትና ገበያ እንዴት እንደሚጠሩ መምከር ነው። ለዳቦ ቤት፣ ለፀጉር ቤት፣ ለጎማ ጠጋኝ ሳይቀር ሠርታለች።

«አክስትዬ፣ ድሮ መንገዱ መስኮትሽ ሥር ነበር አይደል? አሁን መንገዱ ሰው እጅ ላይ ነው» አለች ስልኳን እያሳየች። «ሰው ቀሚስ ማሰፋት ሲያምረው መጀመሪያ የሚፈልገው እዚህ ነው። እዚህ ከሌለሽ የለሽም ማለት ነው።»

«እንዴት የለሁም? ይኸው ቁጭ ብያለሁ።»

«ለኔ አለሽ። ለነሱ የለሽም።»

ቋጠሮ እንደ ልማዷ መቀሷን አንስታ የሌለ ክር ቆረጠች።

ልጅቷ ምክሯን ቀጠለች። ገጹን የከፈተ ሰው ዓይኑን ሁለቴ እስኪያርገበግብ ድረስ ምን እንደሚሠራበት፣ እንዴት እንደሚያዝዝ ካልገባው ዘግቶ ይሄዳል። ስልክ ቁጥር ከላይ ይሁን። ጽሑፍ አይብዛ። ፎቶ በቀን ብርሃን ይነሳ። ክፍሉም ጥርት ብሎ ይታይ።

«ጥርት ብሎ» ስትል ያየችው ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስማር ብቻ ነው፤ በየምስማሩ ሲባጎ ተንጠልጥሏል፣ ሦስት መቶም ይሆናል። ቋጠሮ ሰው የምትለካው በሜትር አይደለም። ትምህርት ቤት ከሁለተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ስፌት ያስተማረቻት እናቷማ ጭራሽ ደጃፉንም አልረገጠች። እናቷ ሰው ስትለካ ሲባጎ ትቆርጥና አንዱን ጫፍ ቀለበት አድርጋ ታስረዋለች። ከቀለበቱ ተነስታ የትከሻው ስፋት የሚያበቃበት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የእጁ ርዝመት የሚያበቃበት ላይ ሌላ ቋጠሮ፤ ከዚያ ወገቡ፣ ደረቱ፣ ቁመቱ። ሁሉም ከዚያችው ቀለበት እየተነሳ አምስት ቋጠሮ ይሆናል። ለአንድ ሰው አንድ ሲባጎ። የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ደግሞ ጫፉ ላይ ከመጀመሪያ ልብሱ የተረፈ ቁልፍ ወይም እራፊ ይታሰርበታል። ልጅ ሆና ከእናቷ የያዘችው ይህን ነው፤ ይህንኑ ይዛ አረጀች። ቅጽል ስሟንም ያወጣላት ይኸው ነው።

«አክስትዬ፣ አትቀየሚኝ፤ ይሄ ፎቶ ላይ ዝብርቅርቅ ይላል» አለች ልጅቷ። ነጭ አንሶላ ፈልጋ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። አንሶላው ፊት መኪናዋን አስጠግታ፣ አክስቷን አስቀምጣ፣ ፈገግ በይ እያለች ፎቶ አነሳች። ቋጠሮ ግን ሦስት መቶ ሰው ፊቱን የተሸፈነ መስሎ ታያትና ሆድ ባሳት። ፎቶው ላይ ፈገግታዋ የጥርስ ሕመም ይመስላል።

ማዘዣው ደግሞ ሰባት ሣጥን ያለው ቅጽ ሆነ። ደረት ስንት ሳንቲሜትር፣ ወገብ ስንት ሳንቲሜትር፣ እያለ ሰባቱንም ይጠይቃል።

«ያላየሁትን ሰው ልሰፋ ነው?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል? ሰዎቹ ይለኩና ይጽፋሉ፣ አንቺ ትሰፊያለሽ፣ በአውቶቡስ ይላካል። ዓለሙ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ለዚህ ነዋ ዓለሙን ሁሉ ልብሱ ብብቱ ላይ የሚጠበው።»

ልጅቷ ሳቀች። ቋጠሮ ግን ግግም ብላ ልጅቷ የገዛችላትን ሜትር ጣቷ ላይ ጠመጠመችና የምሯን ተናገረች። «ስሚኝ። ሰዓት ሰሪው ለስፌት መኪናዬ ገዢ አግኝቶልኛል። ሰውዬው መልሴን እየጠበቀ ነው። በዚህ ገጽሽ የሚመጣው የመጀመሪያው ሰው ልብሱን ለብሶ ደስ ካለው እቀጥላለሁ። ካላለው መኪናዬን ሸጬ አባትሽ ቤት እገባለሁ፤ ሽንኩርት እየላጥኩ እኖራለሁ።»

«አንድ ሰው ብቻ? በአንድ ሰው አይፈረድም እኮ!»

«እኔ የምሰፋው ለአንድ ሰው ነው። ለብዙ ሰው ሰፍቼ አላውቅም።»

በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ ጢው አለ። ሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት መምህርት ለእናቷ ሰማያዊ ቀሚስ አዘዘች፤ ሰባቱም ሣጥን በጥንቃቄ ተሞልቷል። ቋጠሮ የምታምነውን ጨርቅ ገዛች፣ አጠበች፣ ተኮሰች። ሜትሩን ዘርግታ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበች በሳሙና ምልክት አደረገች፣ ቀደደች፣ ሰፋች። ገበሩን በእጅ መርፌ ነው የያዘችው። ሰዓት ሰሪው ሳይቀር የዓይን መነጽሩን አድርጎ ውስጡን ገልብጦ አየና «ይኼን ለብሶ መሞትም አይቆጭ» አለ። ቀሚሱ በወረቀት ተጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ልጅቷ መጣች። ሌላ ጊዜ ደረጃው ላይ እያለች ነው «አክስትዬ!» የምትለው። ያን ቀን ድምፅዋ አልተሰማም። ገብታ ቆመች።

«አስተያየት ተጽፏል» አለች። «ከአምስት ኮከብ አንድ ነው የሰጠችሽ።»

«አንብቢልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል...»

«አንብቢ አልኩሽ!»

ልጅቷ አነበበች። «ስፌቱ ያምራል። የተሰፋው ግን ለእናቴ ሳይሆን ለሌላ ሰው ነው። እናቴን አስለቀሰብኝ።»

ቋጠሮ መርገጫው ላይ የነበረውን እግሯን አነሳች። ሰዓት ሰሪው ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ወዲያው እንደ ሐኪም ሆነች፤ ይህ ያለ ነገር ነው፣ መላ አለው አለች። አንደኛ፣ በትሕትና ይመለስላታል፤ ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን ተብሎ። ሁለተኛ፣ የሚያውቋት ሰዎች አምስት አምስት ኮከብ ይሰጧታል፣ ያኔ ያቺ አንዷ ከሥር ትሆንና አትታይም።

«እኔ አሁኑኑ እሰጣለሁ» አለ ሰዓት ሰሪው ስልኩን እያወጣ። «ቀሚሱ ወገቤን አሳመረልኝ እላለሁ።»

«ቀሚሴን ለብሰህ የማታውቅ ሰውዬ ምን ብለህ ትመሰክርልኛለህ?» ጮኸችበት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺም ተይ። ሴትዮዋ ምን ዋሸች? አልሆነም አለች፤ አልሆነማ! ስልኳን ስጪኝ።»

«አክስትዬ፣ ደንበኛ ተናዶ ሳለ አይደወልም፤ መጀመሪያ በጽሑፍ ነው...»

«እኔ ጽሑፍ አላውቅም። ደውዪልኝ።»

ልጅቷ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን መኪናው ላይ አስቀመጠችው። መምህርቷ ስታነሳ ድምፅዋ ደረቅ ነው። ሆስፒታል እናቷ ዘንድ ስለሆነች ብዙ ማውራት እንደማትችል ተናገረች።

«የኔ እመቤት፣ ሰፊዋ ነኝ» አለቻት ቋጠሮ። «ልከራከርሽ አይደለም የደወልኩት። እማማን ምን እንዳስለቀሳቸው ንገሪኝ።»

ከወዲያ የሰው እርምጃ ተሰማ፤ መምህርቷ ወደ ኮሪደሩ እየወጣች ነበር። ከዚያ ቀስ እያለች አወጋቻት። እናቷ ከተኙ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ቅዳሜ ይወጣሉ። ከሆስፒታሉ የበሽተኛ ልብስ ለብሼ አልወጣም፣ ሰው ሆኜ ነው የምወጣው ስላሉ ነው ቀሚሱ የታዘዘው። ትናንት ሲለብሱት ትከሻው ወርዶ ክንዳቸው ላይ ሆነ፤ ወገቡ ሌላ ሰው ያስገባል። መስተዋት ፊት ቆመው «ይሄ የማን ነው?» አሉ። አውልቀው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ከዚያ ወዲህ ስለመውጣት አያነሱም።

ቋጠሮ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ቁጥሩን ከየት አመጣሽው?» አለቻት።

«ቤት ካለው ቀሚሷ ላይ ለክቼ።»

«እሳቸውን አልለካሻቸውም?»

«ሜትር ይዤ ልጠጋት አልቻልኩም» አለች መምህርቷ። «ቁጥሩን ታያለች። ስንት ሆንኩ ትለኛለች። ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

ቋጠሮ ተነሳች፤ ወደ አንሶላው ሄዳ በአንድ እጇ ገለጥ አደረገችው፤ ከኋላው የተንጠለጠሉትን አየቻቸው።

«ልጄ፣ ሜትር አትያዢ» አለች። «ሲባጎ ያዢ። ሲባጎ ቁጥር የለውም። እማማ ቢያዩትም ክር ነው፣ አንቺም ብታዪው ክር ነው። ስንት እንደሆኑ ማንም አያውቅም።»

«ሲባጎ ከየት ላምጣ? ሆስፒታል ነው ያለሁት።»

«ያገኘሽውን። የጫማ ክርም ይሁን።»

«ፋሻ አለ።»

«ሳቢው እስቲ። ተለጠጠ?»

«አልተለጠጠም።»

«በቃ እሱ ነው። አንዱን ጫፍ ቀለበት አድርገሽ እሰሪ። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጪና አጠገባቸው ሁኚ። እኔ እዚህ ነኝ።»

የአልጋ ሽቦ ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ የደከመ፣ ግን ነገረኛ የሆነ የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው የምትተበትቢኝ? ልታስሪኝ ነው?»

«ቀሚሱን ልታስተካክል ነው እማዬ፤ ሰፊዋ ስልክ ላይ ናት።»

«የቱን፣ ያን ድንኳን?»

ቋጠሮ ሳትወድ ሳቀች። «አዎ እማማ፣ ያንን ድንኳን። የሠራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላይዎት ነው የሰፋሁት።»

«አሁንስ መቼ አየሽኝ?»

«አሁን ልጅዎ ታይልኛለች።»

ከትከሻ ጀመሩ። ቀለበቱ ከአንዱ ትከሻ፣ ቋጠሮው ከሌላው። ቀጥሎ እጅ፤ ክርናቸው እጥፍ ይበልልሽ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ አይኖርም አለቻት። ወገብ ላይ ሲደርሱ መምህርቷ ቆመች።

«እንዴት ላድርገው? አልደርስበትም።»

«ከፊት ሆነሽ ሁለቱንም እጅሽን በጀርባቸው አዙሪ። እቀፊያቸው። ሌላ መንገድ የለውም።»

ስልኩ ውስጥ የልብስ መንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። ወገቡ ከተለካ ቆይቷል፤ የቋጠሮ ጆሮ ያውቀዋል። አላስቸኮለቻቸውም። ሰዓት ሰሪው ጀርባውን ሰጥቶ ኮሪደሩን ያያል፤ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ በጣቷ ወዲያ ወዲህ ትገፋለች።

ከዚያ ደረቱም ቁመቱም ተለካ፤ በመጨረሻ አሮጊቷ ናቸው የተናገሩት። «አንቺ ሰፊ፣ እዚያ ነሽ?»

«አለሁ እማማ።»

«ኪስ ይኖረዋል?»

«ኪስ ይፈልጋሉ?»

«ያለ ኪስ የት ይኬዳል? መሀረቤንስ? መነጽሬንስ? ስወጣ እጄን የት ላድርገው፣ አየር ላይ?»

ቋጠሮ ቀና ብላ የወንድሟን ልጅ አየቻት። ሰባቱ ሣጥን ውስጥ ስለ ኪስ የሚጠይቅ የለም። ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች።

ረቡዕ ጠዋት ቀሚሱና ፋሻው በአንድ ጥቅል ደረሱ። ቋጠሮ ፋሻውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የወገቡ ቋጠሮ ከእጁ ቋጠሮ ጋር ሊገጥም ሁለት ጣት ነው የቀረው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ የቀጠነ ወገብ አይታ አታውቅም። በመዳፏ አንዴ ዳሰሰችው። ከዚያ ምላጯን አንስታ ቀሚሱን ስፌት በስፌት ፈታችው፣ እስከ ጨርቁ ድረስ። ማጥበብ አልፈለገችም፤ የጠበበ ልብስ ድሮ ሰፊ እንደነበር ያሳብቃል። እንደገና ቀደደችው። ትከሻው ላይ ስስ ጥጥ ከገበሩ ሥር አስገባች፣ አጥንታቸው እንዳይቆጠር። ወገቡን አላስጨነቀችውም፤ ከደረት ጀምሮ ለቀቅ አድርጋ አወረደችው። ከተረፈው ጨርቅ ሁለት ኪስ አወጣች፤ መነጽርም መሀረብም የሚይዝ፣ እጅም እስከ አንጓ ድረስ የሚገባበት። ኪሶቹን የራሷን እጅ ከትታ ደጋግማ ሞከረቻቸው።

ሰዓት ሰሪው ሐሙስ ከሰዓት ብቅ አለ። «ያ ሰውዬ ደወለ፤ የመኪናው ገዢ። ምን ልበለው?»

«ቅዳሜን ልየው በለው።»

ዓርብ በማለዳ ቀሚሱ ተመልሶ ሄደ።

ቅዳሜ ልጅቷ ሳትጠራ መጣች። ወንበር ላይ ወጥታ አንሶላውን ከግድግዳው ላይ አወረደችው፤ አጣጥፋም አስቀመጠችው። ስልኳን አውጥታ ግድግዳውን እንዳለ፣ ከነአቧራው ፎቶ ማንሳት ጀመረች።

«ዝብርቅርቅ ይላል ስትዪ አልነበር?» አለች ቋጠሮ ጨርቅ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል።

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ለጎማ ጠጋኙም ለዳቦ ቤቱም የሠራሁላቸው ያንኑ ነው አክስትዬ። ነጭ ግድግዳ፣ ፈገግታ፣ ቅጽ። ይሄ ግን ያንቺ ብቻ ነው። ይኼን ሸፍኜ ነበር ለካ ሰው ጥሪ ያልኩሽ።» እያንዳንዱን ሲባጎ እያየች ሄደች። ወደ ጥጉ ስትደርስ ቆመች። አንድ ሲባጎ ከሌሎቹ ይለያል፤ አምስት ቋጠሮ ሳይሆን ከላይ እስከ ታች ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል ቢጫ ቁልፍ ታስራለች።

«ይሄ የማን ነው? ምን ነካው?»

«እያደገች ያስቸገረችኝ ሰው ነው» አለች ቋጠሮ ልጅቷን እያየች። «በየዓመቱ አዲስ ሲባጎ ከምቆርጥላት እዚያው ላይ ስጨምርላት ኖርኩ። ያቺ የመጀመሪያዋ ቋጠሮ ትከሻዋ ናት። የኔን መዳፍ አታክልም ነበር።»

ልጅቷ ሲባጎውን ያዘችና ከቀለበቱ እስከ መጀመሪያዋ ቋጠሮ በጣቷ ለካችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ቀረች። ቋጠሮም እንዳላየች ሆነች፤ ልጅቷ እንደሷው ስታለቅስ መታየት አትወድም።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስልኩ መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱም ወደዚያ እንደማያዩ እየሆኑ ያያሉ። ሰዓት ሰሪው እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አንዴ ቆመ፣ አንዴ ቀደመ እያለ ይጠመዝዛል። ሲጮህ ሦስቱም ዘለሉ።

መምህርቷ አልነበረችም። አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው።

«አንቺ ሰፊ!»

«እማማ! የት ነዎት?»

«የሆስፒታሉ በር ላይ። መኪና እስኪመጣ ቆሜያለሁ። ወንበር አምጡ ሲሉ እምቢ አልኳቸው።»

«ቀሚሱስ?»

«ያቺ አስታማሚዬ ነርስ ሳታውቀኝ አለፈችኝ። ዞር ብላ፣ እንዴ እርስዎ ነዎት! አለች።» ሳቃቸው በሳል ተቋረጠ፤ ትንሽ ቆይተው ቀጠሉ። «ስልኩን ልጄ ናት ጆሮዬ ላይ የያዘችልኝ።»

«ምነው፣ እጅዎን አመመዎት?»

«አላመመኝም። ሁለቱም ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ ላወጣቸው አልፈለግሁም።»

ወዲያ ማዶ መምህርቷ ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ ያን አንድ ኮከብ አሁኑኑ እንደምታጠፋው ነገረቻት።

«ተይው» አለች ቋጠሮ። «ያን ጊዜ እውነት ነበር። ከሥሩ ሌላውን ጻፊበት።»

እንዳለቻትም ከሥሩ ጻፈችበት፦ «ፈትታ እንደገና ሰፋችው። እናቴን በስልክ ለካቻት። ኪስ አለው።»

ልጅቷ ማታውን ሳትጠብቅ እዚያው ቁጭ ብላ ሰባቱን ሣጥን ከገጹ ላይ አነሳች። በቦታቸው የግድግዳውን ፎቶ አደረገች፤ ከሥሩ አምስቱ ቋጠሮ እንዴት እንደሚታሰር በሥዕል አሳየች። ከላይ ምን ይጻፍ ብላ ስትጠይቅ ቋጠሮ ብዙም አላሰበችበት።

«ሲባጎ ላኩልኝ በዪ። ኪስ ከፈለጋችሁም ንገሩኝ በዪ። ሌላ ምን አለ?»

ሰዓት ሰሪው በሩን ተደግፎ አገጩን አሻሸ። «እንግዲህ ለዚያ ሰውዬ ምን ብዬ ልደውል? መኪናዋን ሲጠብቅ ወር ሞላው እኮ።»

«ቀሚስ ለማሰፋት ሚስት አለችው?»

«አለችው።»

«ሲባጎ ይላክ።»

እሱ እየሳቀ ወደ ክፍሉ ሄደ። ቋጠሮ ከጠረጴዛው ሥር መዶሻዋን አወጣች፣ የቢጫዋ ቁልፍ ሲባጎ አጠገብ ምስማር መታች። ፋሻውን አነሳች። ጫፉ ላይ ከሰማያዊው ቀሚስ የተረፈች እራፊ አሰረችበትና ሰቀለችው። ነጭ ስለሆነ ከሁሉም ይለያል። ትንሽ ከራቀች በኋላ ተመልሳ መጣች፤ እማማ ሲያገግሙ ወገቡ ላይ የምትጨምረው ሌላ ቋጠሮ ስለሚኖር፣ ፋሻውን ስታወርደው እንዳይቸግራት ምስማሩን ነቅላ ዝቅ አድርጋ መታችው።